የትኛው ቋጠሮ ለየትኛው ሥራ? ገመድ ከማሰራችሁ በፊት ስለመፍታት አስቡ

ቤት የቀየረ ሰው ያውቀዋል። ዕቃው ተጭኖ፣ መንገዱ አልቆ፣ አዲሱ ቤት በር ላይ ሲደረስ አንዱ "ቢላ አምጡ!" ይላል። ገመዱ አልፈታ ብሏል። ሲታሰር የመጀመሪያው ቋጠሮ ስላላስተማመነ በላዩ ሌላ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሌላ ተጨምሮበታል። ደህናው ገመድ ተቆራርጦ ይጣላል። አንዳንዴ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ጠብቋል የተባለው ቋጠሮ መንገድ ላይ ይላላና ፍራሹ አስፋልት ላይ ይወርዳል።

የሁለቱም መነሻ አንድ ነው። ቋጠሮ ስንመርጥ የምንጠይቀው "ይጠብቃል ወይ?" ብለን ብቻ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ ባይ ነኝ። ይህን ቋጠሮ መቼ ነው የምፈታው? ስፈታውስ ገመዱ ተወጥሮ ነው ወይስ ላልቶ? በየቀኑ የሚፈታና ለዓመታት የማይነካ ቋጠሮ አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም። በግ ሲንደፋደፍ በአንድ ጉትቻ መፈታት ያለበት ቋጠሮም ከጉድጓድ ውሃ ለሚያወጣ ጀሪካን አይሆንም። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በሙሉ የተሠራው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ስለ አጠራር አንድ ነገር ላስቀድም። "ዋናው ገመድ" ስል ጭነቱን የሚሸከመውን ወገን ማለቴ ነው። "ጫፍ" ስል የምንቋጥርበትን ነፃ ወገን ማለቴ ነው። "እጥፍ" ማለት ደግሞ ገመዱ ሳይጠላለፍ ወደ ራሱ ሲታጠፍ ነው። የቋጠሮዎቹን ስም መርከበኞችና ተራራ ወጪዎች በሚጠሩበት ትቼዋለሁ፤ በቪዲዮ ፈልጋችሁ ለማየት ይመቻል።

ከቋጠሮው በፊት ገመዱ

ገበያ ላይ በብዛት የምናገኘው ሦስት ዓይነት ነው፤ ቃጫ፣ ናይለን፣ እና ያ የሚያብረቀርቀው ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ የፕላስቲክ ገመድ።

ቃጫ ከሲሳል ወይም ከእንሰት የሚወጣ ነው። ሻካራ ስለሆነ ቋጠሮ አጥብቆ ይይዛል። ግን ሲረጥብ ያብጣል፣ ቋጠሮውም ተጣብቆ አልፈታ ይላል። እርጥቡን ጠቅልላችሁ ካስቀመጣችሁት ይበሰብሳል። ናይለን ጠንካራ ነው፣ ይለጠጣል። መለጠጡ ድንገተኛ ጉትቻን ያለዝባል፤ ከተበጠሰ ግን ያ የተጠራቀመ ጉልበት በሙሉ ወደ ኋላ ይፈናጠራል። የፕላስቲኩ ገመድ በአብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ነው። ርካሽና ቀላል ነው፣ ውሃ ላይም ይንሳፈፋል። ችግሩ ግትርና አንሸራታች መሆኑ ነው። ሌላው ገመድ ላይ የሚይዝ ቋጠሮ እዚህ ላይ ቀስ እያለ ይላላል። ፀሐይም ይጎዳዋል። ቀለሙ ገርጥቶ፣ ስትነኩት ዱቄት የመሰለ ብናኝ እጃችሁ ላይ ከቀረ ጭነት አታስሩበት።

የጥንቱ ጠፍር ሌላ ባሕርይ አለው። እርጥብ ሳለ ይታሰራል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጠብቃል። የጠፍር አልጋ ያን ያህል የሚወጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ተመልሶ እንዲፈታ የሚፈለግ ነገር ግን በእርጥብ ቆዳ አይታሰርም።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ማንኛውም ቋጠሮ ገመዱን ያደክመዋል። ገመዱ ክርር ብሎ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ክሮቹ እኩል አይሸከሙም። ተራው ነጠላ ቋጠሮ ከገመዱ አቅም ወደ ግማሽ ሊወስድ ይችላል። ቦውላይን፣ ማለትም የማይጠብ ቀለበት የሚሠራው ቋጠሮ፣ ሲሶ ያህል ይቀንሳል። የ8 ቅርጽ ያለው ስምንት ቁጥር የሚባለው ቋጠሮ የሚቀንሰው ከዚያ ያነሰ ነው፣ ሩብ ገደማ። ስለዚህ "400 ኪሎ ይሸከማል" የተባለ ገመድ ላይ 400 ኪሎ አይሰቀልም። ለተራ ዕቃ እንኳ ከተጻፈው አቅም አንድ አምስተኛውን ጣሪያ አድርጉት።

ቀለበት ሲያስፈልግ፦ ሸምቀቆ፣ ቦውላይን ወይስ ስምንት?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ብዙ አደጋም ብዙ ጥቅምም ያለው ቀለበት ላይ ነው።

ሁሉም ሰው የሚያውቀው ሸምቀቆን ነው። በሰከንድ ይሠራል፣ በጎተቱት ቁጥር ይጠብቃል። እንጨት ጠርንፎ ለመጎተት ወይም የከረጢት አፍ ለማሰር ጥሩ ነው። ነፍስ ባለው ነገር ላይ ግን በፍጹም። በግ አንገት ላይ በሸምቀቆ ከታሰረ ደንግጦ በጎተተ ቁጥር ራሱን ያንቃል፣ ገመዱም ተመልሶ አይላላም። የሰው ወገብ ላይም፣ የልጅ እጅ ላይም እንዲሁ ነው።

ቦውላይን የዚህ ተቃራኒ ነው። የቀለበቱ መጠን አይለወጥም፤ ምንም ያህል ቢጎተት አይጠብም። ከባድ ነገር ከጎተተ በኋላም ጀርባውን በአውራ ጣት ገፋ ስታደርጉት ይፈታል። መርከበኞች ለዘመናት የሙጥኝ ያሉት ለዚህ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ዋናውን ገመድ በግራ እጅ ያዙ። ከጫፉ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብላችሁ ትንሽ ቀለበት ሥሩ። ስትሠሩ ወደ ጫፉ የሚሄደው ክፍል ከዋናው ገመድ በላይ ይተኛ። ይህ ቁልፉ ነው። ከዚያ ጫፉን በትንሹ ቀለበት ውስጥ ከታች ወደ ላይ አውጡት። በዋናው ገመድ ጀርባ አዙሩት። ተመልሶ በዚያው ትንሽ ቀለበት ከላይ ወደ ታች ይግባ። አሁን በአንድ እጅ ዋናውን ገመድ፣ በሌላው ጫፉንና አብሮት ያለውን የትልቁን ቀለበት ጎን ይዛችሁ ሳቡ። ትንሹ ቀለበት በተቃራኒው ተሠርቶ ከሆነ ስትጎትቱት እጃችሁ ላይ ይበተናል። ቢበተን አትናደዱ፤ ከመጀመሪያው ጀምሩ። እጅ ከለመደው በኋላ ዓይን ተጨፍኖም ይሠራል።

ቦውላይን ግን ድክመት አለው፤ ብዙ ሰው አይነግራችሁም። ሲወጠር ድንጋይ ነው። ሲላላ፣ ሲወጠር፣ ሲላላ፣ ሲወጠር ከዋለ ግን ቀስ በቀስ ሊፈታ ይችላል፣ በተለይ በግትሩ የፕላስቲክ ገመድ። የጉድጓድ ጀሪካንን አስቡት። ባዶውን ሲወርድ ገመዱ ላላ ነው። 20 ሊትር ሞልቶ ሲወጣ 20 ኪሎ ይጎትታል። ተንቆርቁሮ ባዶ ሲሆን እንደገና ይላላል። ይህ በቀን ስንት ጊዜ ይደጋገማል? አንድ ቀን ጫፉ ሾልኮ ይወጣና ጀሪካኑ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል።

ለዚህ ሥራ የምመርጠው ስምንት ቁጥርን ነው። ከጫፉ ራቅ ብላችሁ ገመዱ ላይ ነጠላ ስምንት ሥሩ። ጫፉን በጀሪካኑ እጀታ ውስጥ አሳልፉት። ከዚያ የሄደበትን መንገድ ተከትላችሁ ወደ ኋላ መልሱት። ሲያልቅ ሁለት ገመድ ጎን ለጎን እየሄዱ ስምንት ይሠራሉ። በዓይን ለማረጋገጥ ይህን የመሰለ የለም። በየማጠፊያው ሁለት ሁለት ገመድ ካላያችሁ አንድ ቦታ ስታችኋል ማለት ነው። ተራራ ወጪዎች ራሳቸውን ከገመድ ጋር የሚያያይዙት በዚህ ነው፤ አንዱ ምክንያት ባልንጀራ ከሩቅ አይቶ ትክክል መሆኑን መለየት መቻሉ ነው። ጉድለቱ፣ ብዙ ከተጎተተ በኋላ መፍታቱ ጥርስ ያስነክሳል። ግን የጉድጓድ ጀሪካን ማን በየቀኑ ይፈታል?

እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ነው። ቶሎ የምትፈቱት ከሆነና ገመዱ እንደተወጠረ የሚቆይ ከሆነ ቦውላይን። ለወራት የማትነኩት ከሆነ ወይም የሚላላና የሚወጠር ከሆነ ስምንት። ቦውላይንን ለሚላላ ሥራ ለመጠቀም ከተገደዳችሁ ረጅም ትርፍ ጫፍ ትታችሁ ጫፉን በቀለበቱ ጎን ላይ አንድ ተጨማሪ ቋጠሮ ቋጥሩበት።

ትርፍ ጫፍ ካነሳን አይቀር፣ የትኛውም ቋጠሮ ላይ ቢያንስ የገመዱን ውፍረት አሥር እጥፍ ተዉ። ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ለአንሸራታች ገመድ ከዚያም ጨምሩ። "ጫፉ ረዝሞ አያምርም" ብሎ ማሳጠር ቋጠሮውን የመፈታት ዕድል መስጠት ነው።

ምሰሶ ላይ ማሰር

የበዓል ሰሞን በጉ ግቢ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይከርማል። አብዛኛው ሰው ገመዱን ምሰሶው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠምጥሞ እንደመጣለት ይቋጥራል። እዚህ ላይ ሦስት አማራጭ አለ።

ክሎቭ ሂች ሁለት ዙር ብቻ ነው። ገመዱ ምሰሶውን አንዴ ይዞርና በራሱ ላይ ተሻግሮ እንደገና ይዞራል፤ ጫፉ በሁለተኛው ዙር ስር ይገባል። ፈጣን ነው፣ ያምራል፣ በሁለቱም ወገን እኩል ሲጎተት ደህና ይይዛል። ግን ጉትቻው አቅጣጫውን ሲቀያይር እየተንከባለለ ይላላል። በግ ደግሞ ምሰሶ መዞር ይወዳል። ስለዚህ ክሎቭ ሂችን ለአጥር ማገር መጀመሪያ፣ ለችግኝ ድጋፍ፣ ለመሳሰለው አቆዩት።

ሁለተኛው ሙሉ ዙርና ሁለት ግማሽ ቋጠሮ ነው። ጫፉ ምሰሶውን ሙሉ በሙሉ ሁለት ጊዜ ይጠመጠማል። ከዚያ ዋናውን ገመድ ዞሮ በራሱ ስር ያልፋል፤ ይህ አንድ ግማሽ ቋጠሮ ነው። በዚያው አቅጣጫ አንድ ጊዜ ይደገማል። ለማየት ተራ ነው። ጥበቡ ያለው ጥምጥሙ ላይ ነው። ሁለቱ ዙር ምሰሶውን ሲያሹ አብዛኛውን ጉልበት እነሱ ይሸከማሉ፤ ቋጠሮዎቹ የሚይዙት የተረፈውን ብቻ ነው። ገመዱ ተወጥሮ እያለም ሊታሰርና ሊፈታ የሚችለው ለዚህ ነው። ከዚህ ሁሉ ቋጠሮ ውስጥ ይህን የሚችል ብዙ የለም። የሚጎትት እንስሳ፣ ነፋስ የወጠረው ሸራ፣ ዳገት ላይ ያለ ጋሪ ሲሆን ይህ ነው ምርጫዬ።

ሦስተኛው በአንድ ጉትቻ የሚፈታው ነው። ምሰሶውን ካዞራችሁ በኋላ ግማሽ ቋጠሮውን ስትሠሩ ጫፉን በነጠላው አታስገቡት። አጥፋችሁ እጥፉን አስገቡት፣ እንደ ጫማ ክር። ጫፉን ሲስቡት ይፈታል። ለአህያ፣ ለበቅሎና ለፈረስ ይህ ግዴታ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የደነገጠ ፈረስ ታስሮ ሲወድቅ ቋጠሮ ለመፍታት ጊዜ የለም። ብልህ እንስሳ ጫፉን በጥርሱ እየጎተተ ራሱን ይፈታል፤ እንዳይችል ጫፉን በተረፈው እጥፍ ውስጥ አሳልፉት። ስትፈቱ መጀመሪያ ጫፉን ከእጥፉ አውጡ፣ ከዚያ ሳቡ።

አንገት ላይስ? ቦውላይን፣ አራት ጣት እንደልብ የሚያስገባ ክፍተት ትታችሁ። ገመዱ እግር ላይ እንዳይጠመጠም አታስረዝሙት። ሌሊትም ሰው ሊያየው የሚችልበት ቦታ ይታሰር።

ድንኳን ለምትተክሉ አንድ ልጨምር። ቶት ላይን ሂች የሚባለው ቋጠሮ ዋናው ገመድ ላይ ሦስት ጊዜ ይጠመጠማል፤ ሁለቱ ጥምጥም ከቀለበቱ ውስጥ፣ አንዱ ከውጭ። በእጅ ሲገፉት ይንሸራተታል፣ ሲወጠር ይይዛል። ናይለን ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ዝናብ የመታው ድንኳን ገመዱ ይረግባል። ያኔ ካስማውን ሳትነቅሉ ቋጠሮውን ገፋ አድርጋችሁ ትወጥሩታላችሁ። በፕላስቲኩ ገመድ ላይ ግን ሊንሸራተት ስለሚችል ተጨማሪ ዙር ስጡት።

ሁለት ገመድ መቀጠል

ሰው ሁሉ በተለምዶ የሚሠራው ሁለቱን ጫፎች አንዴ፣ ደግሞ አንዴ መቋጠር ነው። በትክክል ከተሠራ ሪፍ ኖት ይባላል። ቀኝ በግራ ላይ፣ ቀጥሎ ግራ በቀኝ ላይ። ሁለቱንም ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከሠራችሁት ግን ግራኒ የሚባለው ደካማው ቋጠሮ ይወጣል። ወይ ይንሸራተታል፣ ወይ ተጣብቆ አልፈታ ይላል። የትኛው እንደሚመጣ አስቀድሞ አይታወቅም።

የትኛውን እንደምትሠሩ ለማወቅ አሁን ጫማችሁን ተመልከቱ። የክሩ ሁለት ጆሮዎች በጫማው ላይ አግድም፣ ግራና ቀኝ ከተኙ ሪፍ ነው። ጠመም ብለው አንዱ ወደ ጣት፣ አንዱ ወደ ቁርጭምጭሚት ከዞሩ ግራኒ ነው። ክራችሁ በየመንገዱ የሚፈታ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን ቋጠሮ አቅጣጫ ብቻ ገልብጡት፣ ሌላውን እንዳለ ተዉት።

ሆኖም ትክክለኛው ሪፍም ቢሆን ሁለት ገመድ ለመቀጠል አይሆንም። አንዱን ጫፍ ወደ ጎን መንጭቁት፤ ቋጠሮው ይቃናና ሁለተኛው ገመድ ሾልኮ ይወጣል። ውፍረታቸው ወይም ዓይነታቸው የተለያየ ከሆነ ይብሳል። ሪፍ የተፈጠረው አንድን ነገር ዙሪያውን ለመጠቅለል ነው። ጥቅል ለማሰር፣ ቁስል ላይ ፋሻ ለመቋጠር ጥሩ ነው፤ ጠፍጣፋ ስለሆነ ገላ አይወጋም። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ላይ የሚያስተምሩትም ለዚህ ነው። ክብደት የሚሸከም ወይም የሰው ሕይወት የሚያዝበት ቦታ ላይ ግን አይገባም።

ለመቀጠል የሚሆነው ሺት ቤንድ ነው፣ በተለይ አንዱ ገመድ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ሲሆን። ወፍራሙን እጠፉት። ቀጭኑን ከታች በእጥፉ ውስጥ አውጡት፣ በእጥፉ ጀርባ በሁለቱም የእጥፉ ጎኖች ዙሪያ አዙሩት፣ ከዚያ በራሱ ስር አሳልፉት፤ ወደ እጥፉ ውስጥ አይመለስ። ሁለቱ ትርፍ ጫፎች በአንድ ወገን ይሁኑ። ገመዱ የሚያንሸራትት ከሆነ ዙሩን ሁለት አድርጉት። እኔ ሁሌም ሁለት አደርገዋለሁ፤ የሚጨምረው አንድ ዙር ብቻ ነው።

ጨርሶ እንዲፈታ የማትፈልጉት ከሆነ ደብል ፊሸርማን አለ። እያንዳንዱ ጫፍ በሌላው ገመድ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ በራሱ ጥምጥም ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ቋጠሮዎች ሲሳቡ ተጋጥመው ይቆለፋሉ። ከተጎተተ በኋላ መፍታት ዘበት ነው። ለልብስ ማስጫ ገመድ ጥሩ ነው።

መኪና ጣሪያ ላይ ጭነት

ወደ ፍራሹ እንመለስ። ፖርቶ መጋላ ላይ ፍራሽ፣ ጠረጴዛ ወይም ቆርቆሮ ሲታሰር የሚሳተው ነገር ክብደቱ አይደለም፤ ነፋሱ ነው። መኪናው ሲሮጥ አየር በፊት በኩል ከስር ይገባና ፍራሹን ወደ ላይ ያነሳዋል። ጉድጓድ ላይ ሲነጥር ደግሞ ጭነቱ ይሰፍራል፣ ዝቅ ይላል። ጠብቆ የነበረው ገመድ ይላላል። ስለዚህ ተጨማሪ ቋጠሮ መከመር መፍትሔ አይሆንም። የጎደለው ውጥረት ነው።

ለዚህ የሚሆነው ትራከርስ ሂች ነው። ገመዱን እንደ መዘውር ተጠቅሞ ጉልበታችሁን ያበዛዋል። በሒሳብ ሦስት እጥፍ ይባላል። ገመድ በገመድ ላይ ሲፋተግ ብዙው ስለሚባክን በተግባር ከዚያ ያንሳል፤ እንዲያም ሆኖ በባዶ እጅ ከመሳብ ጋር አይወዳደርም።

የገመዱን አንድ ጫፍ በአንዱ ወገን የፖርቶ መጋላ ብረት ላይ በቦውላይን እሰሩ። ገመዱን በጭነቱ ላይ ወደ ማዶ ወርውሩ። በማዶ በኩል፣ ከብረቱ ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ገመዱን አጥፋችሁ እጥፉን ራሱን ስምንት አድርጋችሁ ቋጥሩት። የጡጫ መጠን ያለው የማይንቀሳቀስ ቀለበት ይወጣል። አሁን ጫፉን በብረቱ ስር አሳልፉና ወደ ላይ መልሳችሁ በዚያ ቀለበት ውስጥ አውጡት። ከዚያ ወደ ታች ሳቡ። ፍራሹ ሲጨመቅ ታዩታላችሁ። ውጥረቱን ሳትለቁ ገመዱ በቀለበቱ ያለፈበትን ቦታ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጣችሁ ያዙ፤ በሌላው እጅ ከቀለበቱ በታች የተወጠሩትን ገመዶች አቅፋችሁ ሁለት ግማሽ ቋጠሮ ሥሩ። ሁለተኛውን በእጥፍ አስገቡት። ስትደርሱ ያን ጫፍ ትስቡታላችሁ፤ ቢላ አያስፈልግም።

በዚሁ ላይ ሦስት ማሳሰቢያ አለኝ። አንደኛ፣ ቀለበቱን በሸምቀቆ የሚሠሩ አሉ። ፈጣን ነው፤ ግን በተሳሳተ አቅጣጫ ከተሠራ ይዘጋል ወይም ይከፈታል። እጃችሁ እስኪለምድ በስምንቱ ቆዩ። ሁለተኛ፣ ገመድ በገመድ ውስጥ ሲሮጥ ይሞቃል፤ ፖሊፕሮፒሊን በሙቀት ቶሎ ይጎዳል። በድንገት መንጭቃችሁ ሳይሆን ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ሌላ ጊዜ ስታስሩም ቀለበቱ ሌላ ቦታ ላይ ይሁን። ሦስተኛ፣ አንድ ገመድ በቂ አይደለም። ሁለት አግድም፣ አንድ ደግሞ ከፊት ወደ ታች ፍራሹ አፍንጫውን እንዳያነሳ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ቁሙና ገመዱን በእጅ ተጭናችሁ እዩት። መላላቱ አይቀርም፤ እንደገና ትወጥሩታላችሁ።

ሁለቱን ካወዳደርን፣ ተራ ቋጠሮ ደራርቦ ማሰር ለመማር ጊዜ አይወስድም፣ ግን ውጥረት አይሰጥም፣ አይፈታምም። ትራከርስ ሂች አንድ ከሰዓት ልምምድ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ግን ልብስ ማስጫ ለመወጠርም፣ ሸራ ለማልበስም፣ አይሱዙ ላይ ለመጫንም የምትጠቀሙት እሱን ነው።

የተበላሸ መኪና ሲጎተት

ቢቻል ለዚሁ የተሠራ የመጎተቻ ቀበቶ ይኑራችሁ። ካልተገኘ ወፍራም ናይለን፣ በሁለቱም ጫፍ ቦውላይን፣ የሚታሰረውም ለመጎተቻ በተሠራው መንጠቆ ላይ ብቻ። ፓራውልት ላይ አይሁን። ቦውላይን የምለው ከጉትቻው በኋላ ስለሚፈታ ነው። ሌላ ቋጠሮ መኪና ከጎተተው በኋላ ድንጋይ ይሆናል።

ትልቁ ጉዳይ ግን ቋጠሮው አይደለም። የተወጠረ ናይለን ሲበጠስ በየት በኩል እንደሚመጣ ዓይን አያየውም። ገመዱ ተወጥሮ ሳለ ማንም በላዩ አይራመድ፣ በሁለቱ መኪኖች መካከልም ሆነ በገመዱ አቅጣጫ አይቁም። ልጆች ለማየት ይሰበሰባሉ፤ መጀመሪያ እነሱን አርቁ።

ሰው ያለበት ሥራ

ከፍታ ላይ ሰውን የሚሸከም ገመድ ከዚህ መመሪያ ውጭ ነው። ጣሪያ የሚሠራ ሰው፣ ሕንፃ ላይ ቀለም የሚቀባ፣ ጉድጓድ የሚወርድ ሰው የሚያስፈልገው የደህንነት ቀበቶ፣ ለዚያ የተሠራ ገመድና አጠገቡ ቆሞ የሚያሳየው የሠለጠነ ሰው ነው። ወገብ ላይ ብቻ የታሰረ ገመድ ሰው ወድቆ ሲንጠለጠል ትንፋሽ ያሳጣል፣ የውስጥ አካል ይጎዳል። ከገበያ የተገዛ የፕላስቲክ ገመድ ደግሞ ለውድቀት ጨርሶ አልተሠራም።

ትግራይ የሚገኘውን ደብረ ዳሞን ያየ ሰው እዚህ ላይ ይከራከረኝ ይሆናል። በአቡነ አረጋዊ ስም ወደሚታወቀው ወደዚያ ገዳም የሚወጣው 15 ሜትር ገደማ የሚሆን ገደል በቆዳ ገመድ ተይዞ ነው። እውነት ነው። ግን ልብ በሉ፤ ገመዱ ሁለት ነው። አንዱ በእጅ የሚያዝ፣ ሌላው ወጪው ላይ የሚታሰርና ከላይ ባሉት አባቶች የሚሳብ። ገመዱንም ገደሉንም ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁ ሰዎች ከላይ አሉ። እኛ ግቢ ውስጥ ስንሠራ ሁለተኛው ገመድም፣ የሚያውቀው ሰውም የለንም።

ለተራ ሥራም ቢሆን እጃችሁን ጠብቁ። ገመድ እጅ ላይ ወይም ጣት ላይ ጠምጥማችሁ አትጎትቱ። ቋጠሮ ሲጠብቅ ጣት ቀለበቱ ውስጥ አይሁን። ልጆች ቋጠሮ ሲለማመዱ አንገት ላይ መሞከር ክልክል መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ብቻቸውንም አትተዋቸው።

ከየት ልጀምር?

ሁለት ሜትር የሚሆን፣ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ገመድ ግዙ። ቀጭን ሲባጎ ላይ መማር ያደክማል፣ የቋጠሮው ቅርጽ አይታይም። ከተቻለ ሁለት የተለያየ ቀለም ይሁን፤ ሺት ቤንድ ስትሠሩ የቱ ገመድ የት እንደገባ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ናይለን ከሆነ ጫፉ እንዳይተረተር በላይተር ለብለብ አድርጉት። ቀልጦ የሚንጠባጠበው ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ በእጅ አትንኩት። ቃጫ ከሆነ ጫፉን በክር ጠምጥሙት።

ማታ ዜና ስትሰሙ የጠረጴዛው እግር ላይ ተለማመዱ። አንድ ቋጠሮ ለአንድ ሳምንት፣ ሌላ ሳትጨምሩ። አምስት ቋጠሮ በአንድ ቀን የተማረ ሰው በሳምንቱ ሁሉንም ይቀላቅላል። ሁልጊዜ ሦስቱን ነገር ተከተሉ። ከቋጠራችሁ በኋላ ገመዶቹ እንዳይጠላለፉ አስተካክሉ፤ ሁሉንም ወገን በየተራ ሳባችሁ አጥብቁ፤ ከዚያ ትርፍ ጫፉን ለኩ። ጭነት ከመሸከሙ በፊትም በራሳችሁ ጉልበት ፈትኑት።

ቅደም ተከተሉን እኔ እንዲህ አደርገዋለሁ። ሙሉ ዙርና ሁለት ግማሽ ቋጠሮ ይቅደም፤ ቀላል ነው፣ በማግስቱ ሥራ ላይ ይውላል። ከዚያ ስምንት፣ ከዚያ ቦውላይን። እነዚህ ከተያዙ ትራከርስ ሂች አዲስ ነገር የለውም፤ የሦስቱ ቅንብር ነው። ክሎቭ ሂችና ሺት ቤንድ የሚሆን ሥራ ሲገጥማችሁ ይጨመራሉ።